ኪሎው የደበቀው ሰዓት

በኮምቦልቻ ሚስማር በሚያመርት አንድ አነስተኛ ፋብሪካ የጥገና ክፍሉን ኃላፊነት ከተረከብኩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። መኖሪያዬ ደሴ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራን ብርድ ትቼ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ማሽኖቹ አጠገብ እደርሳለሁ። ማታ ወደ ላይ ስመለስ ደግሞ መንገዱን ሁሉ የማሰላስለው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ማሽኖቻችን ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ እየሰማሁ፣ ሠራተኞቹም ሲደክሙ እያየሁ፣ መጋዘናችን ከጠበቅነው በታች የሚሞላው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ስለተማርነው የመሣሪያ ውጤታማነት አለካክ ነው። በአካባቢያችን በብሎኬት፣ በዱቄት፣ በፕላስቲክም ሆነ በብረታ ብረት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ስሌቱን ጭምር በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

እኛ ዘንድ የምርት ሪፖርት ማለት ኪሎ ማለት ነበር። ፈረቃው ሲያልቅ ሚስማሩ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከትናንቱ ከበለጠ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ካነሰ ደግሞ ጥያቄ ይነሣል። ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ሆኖም ስለ ማሽኑ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የብረት እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ገደማ ስለሆነ የአንድን ሚስማር ክብደት በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 4.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሚስማር 11 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግን ከ2 ግራም ብዙም አይርቅም። አንዱ የሌላውን ከአምስት እጥፍ በላይ ይመዝናል ማለት ነው።

እንግዲህ ባለ 10 ሚስማር የሚያወጣው ትልቁ ማሽን በደቂቃ 200፣ ባለ 5 የሚያወጣው ትንሹ ማሽን ደግሞ በደቂቃ 300 ጊዜ እንዲመታ ተደርጎ የተሠራ ነው እንበል። ሁለቱም በእያንዳንዱ ምት አንድ ሚስማር እያወጡ 450 ደቂቃ ሳይቆሙ ቢሠሩ ትልቁ 990 ኪሎ፣ ትንሹ 270 ኪሎ ያወጣሉ። አሁን ትልቁ ማሽን ከአቅሙ 40 በመቶውን ብቻ ሠርቶ 396 ኪሎ አስመዘነ፤ ትንሹ ደግሞ 90 በመቶ ሠርቶ 243 ኪሎ አስመዘነ እንበል። በኪሎ ሪፖርቱ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ የዋለው ማሽን ተመስጋኝ፣ ያለ ዕረፍት የሠራው ማሽን ተወቃሽ ይሆናል። ከማሽኑ ጀርባ የቆመው ሰውም አብሮ ይወቀሳል። ይህን በደል ለረጅም ጊዜ ስንፈጽም እንደኖርን የተረዳሁት ስሌቱን በእጄ በሠራሁበት ምሽት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መጻፍ እንዳለብኝ የተሰማኝም ያን ጊዜ ነው።

ኪሎን የሚተካው መለኪያ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። አጠቃላይ የመሣሪያ ውጤታማነት የሚባለው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩም ኦ.ኢ.ኢ. እየተባለ የሚጠራው አለካክ የተስፋፋው በጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ሥራዎች ነው። ናካጂማ ሁሉም ሠራተኛ የሚሳተፍበትን የጥገና ሥርዓት፣ ማለትም ቲ.ፒ.ኤም.ን ያስተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ የቶዮታ ቡድን አባል የነበረው ኒፖንዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1971 በዚህ ሥርዓት ተሸላሚ ሆኗል። በአገራችን ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ ቦታን የማደራጀት ደንቦች የሆኑት «አምስቱ ማዎች» በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ከዚያ አልፎ የማሽኑን ጊዜ በደቂቃ እየቆጠሩ መመዝገብ ግን በአነስተኛ ፋብሪካዎች ዘንድ ገና አልተለመደም፤ ለእኔ እንደሚታየኝ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ፍሬ የሚሰጠው ይህ ቆጠራ ሲታከልበት ነው።

መለኪያው ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ማሽኑ እንዲሠራ ከታቀደለት ጊዜ ውስጥ በእርግጥ የሠራው ስንቱን ነው? በሠራበት ጊዜ ውስጥ በሚገባው ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ ሊያወጣ ከሚችለው ውስጥ ያወጣው ስንቱን ነው? ካወጣውስ ውስጥ ለገበያ የሚበቃው ስንቱ ነው? የመጀመሪያውን ዝግጁነት፣ ሁለተኛውን ፍጥነት፣ ሦስተኛውን ጥራት እንላቸዋለን፤ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲባዙ ውጤቱ ይገኛል። ናካጂማ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጀርባ ስድስት ዋና ዋና ብክነቶችን ለይተው አስቀምጠዋል፤ እነሱም ብልሽት፣ የዝግጅትና የማስተካከያ ጊዜ፣ ጥቃቅን መቆሞች፣ የፍጥነት መቀነስ፣ በሥራ መካከል የሚበላሽ ምርትና ማሽኑ ሲነሣ የሚበላሽ ምርት ናቸው።

ስሌቱን ለማሳየት ክብ ቁጥሮችን ልጠቀም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ላይ 30 ደቂቃ የምሳ ዕረፍት ሲቀነስ 450 ደቂቃ የታቀደ ጊዜ ይቀራል። ባለ 5 ሚስማር የሚያወጣው ማሽን በዚያ ቀን 30 ደቂቃ በመብራት መጥፋት፣ 20 ደቂቃ ጥቅልል ሽቦ በመጠበቅ፣ 40 ደቂቃ ደግሞ የደነዘዘ መቁረጫ በመቀየር በድምሩ 90 ደቂቃ ቆመ። ስለዚህ የሠራው 360 ደቂቃ ነው፤ ዝግጁነቱም 80 በመቶ ይሆናል። በእነዚህ 360 ደቂቃዎች በደቂቃ 300 እየመታ ቢሠራ 108,000 ሚስማር ያወጣ ነበር፤ ቆጣሪው የሚያሳየው ግን 91,800 ነው፤ ፍጥነቱ 85 በመቶ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ራሱ የተጣመመው፣ ሹል ያላወጣውና የጎበጠው ተለቅሞ ሲወጣ 95 በመቶው ደህና ሆኖ ተገኘ። 80 በመቶ፣ 85 በመቶና 95 በመቶ ሲባዙ 64.6 በመቶ ይሰጣሉ። በሌላ መንገድ ማረጋገጥም ይቻላል፤ በ450 ደቂቃ ውስጥ መውጣት የነበረበት ሚስማር 135,000 ሲሆን፣ ደህና ሆኖ የወጣው 87,210 ነው፤ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ያው 64.6 በመቶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ክርክር የሚነሣው። ይህንኑ ቀን በቀድሞው አሠራራችን ሪፖርት ብናደርገው ኖሮ «የማሽኑ ውጤታማነት 90 በመቶ ነው» ብለን በጻፍን ነበር፤ ሐሰት የጻፍን ግን አይመስለንም ነበር። መብራት መጥፋቱ የእኛ ጥፋት አይደለም ብለን 30 ደቂቃውን እናወጣለን፤ ሽቦ ያዘገየው መጋዘኑ ነው ብለን 20 ደቂቃውን እናወጣለን፤ የቀረው 400 ደቂቃ ይሆናል፤ 360 ለ400 ሲካፈል ደግሞ 90 በመቶ ይሰጣል። ስለ ፍጥነቱና ስለ ተበላሸው ሚስማር ጥያቄ የሚያነሣ የለም። በአንድ ማሽን፣ በአንድ ፈረቃ፣ በተመሳሳይ መረጃ ላይ 90 እና 64.6 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች መውጣታቸው የሚያሳየው ልዩነቱ ያለው ከማካፈያው ላይ በምንቀንሰው ሰዓትና ሳንቆጥር በምናልፈው ፍጥነትና ጥራት ውስጥ መሆኑን ነው። ስለዚህ ለማንኛውም ፋብሪካ የውጤታማነት ቁጥር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁጥሩን ሳይሆን ከታቀደው ጊዜ ላይ ምን ምን እንደተቀነሰና ምን ሳይቆጠር እንደታለፈ ነው።

የመብራቱን ጉዳይ በተለይ ላብራራው፣ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ይህ ክርክር በየስብሰባው ይነሣል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በምት መካከል ይቆማል፤ ሽቦው በመቁረጫዎቹ መካከል ተቆንጥጦ ይቀራል። መብራት ሲመለስ ፍላይዊሉን (ከባዱን መዘውር) በእጅ አዙሮ ሽቦውን ማስለቀቅ፣ የታጠፈውን ጫፍ ቆርጦ መጣልና እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። ጊዜውን ለይተን መጻፍ ስንጀምር፣ ቀደም ሲል «መብራት 30 ደቂቃ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው ብዙ ጊዜ መብራት ከጠፋበት 20 ደቂቃና ማሽኑን ለማስነሣት ከወሰደብን 10 ደቂቃ የተገኘ ድምር መሆኑን አየን። ሃያውን ደቂቃ ልንቆጣጠረው አንችልም፤ አሥሩ ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ ያለው ባልደረባ መጥቶ ፍላይዊሉን ሲያግዝ በእጅጉ ያጥራል። ሰዓቱን በሙሉ «የእኛ አይደለም» ብለን ከስሌቱ ብናወጣው ኖሮ ይህን አሥር ደቂቃ መቼም አናገኘውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ደንብ ቀላል ነው፤ ከዕረፍትና አስቀድሞ ከታቀደ ጥገና በስተቀር ማንኛውም መቆም በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱ ግን ለብቻው ይጻፋል፤ ማንም ባላጠፋው ነገር አይጠየቅም።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ሥራውን ሁሉ ሊያፈርሰው የነበረው እሱ ነው። መዝገቡን በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ውጤቱን በሠራተኛ ስም ለይቼ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ሐሳቤ ጥሩ የሠሩት እንዲመሰገኑ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መዝገቡ ላይ የነበሩት መቆሞች ጠፉ። ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ የተሻሻሉ መስሎኝ ነበር፤ ቆጣሪው ላይ ያለው የምት ቁጥር ግን ካለፈው ሳምንት አልጨመረም። በማሽን ቁጥር 2 ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ነገሩን በትሕትና እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ «ኢንጂነር፣ መቁረጫው ሲደነዝዝ አቁሜ ብቀይረው ስሜ ከታች ይሆናል፤ ባልቀይረው ሚስማሩ ይበላሻል፤ ሚስማሩ ላይ ግን ስሜ አይጻፍም።» ትክክል ነበረች። ስሞቹን በዚያው ቀን አነሣሁ፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የማሽኑ ቁጥርና የመቆሙ ምክንያት ብቻ ሆነ። በፈረቃው መጨረሻም መዝገቡን የሚያነብበው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ እኔ የምጠይቀው «ይህን ለማሳጠር ምን ልሥራልህ?» ብቻ ነው። መዝገቡ ወደ እውነቱ ለመመለስ አንድ ወር ያህል ወሰደበት። ይህን የምጽፈው መለኪያ በሚጀመርበት ሰሞን ሰው የሚፈራው መለኪያውን ሳይሆን በመለኪያው የሚደረገውን መሆኑን በዐይኔ ስላየሁ ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ከማንኛውም ቀመር በፊት ይህን ቢያስብበት እመርጣለሁ።

መዝገቡ ከጠራ በኋላ ያገኘነው ትልቁ ነገር በማሽን ቁጥር 4 ላይ የተደበቀው የፍጥነት ብክነት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 85 በመቶ የሆነውን ፍጥነት ብንፈታው ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ ማሽኑ በደቂቃ 300 መምታት ሲገባው 270 ይመታል፤ በተጨማሪም ማንም የማይጽፋቸው የአንድ አንድ ደቂቃ መቆሞች ተደምረው 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ። የቁጥር 4 ሁኔታ ከዚህ ምሳሌ ጋር በጣም ይቀራረብ ነበር። በእጅ ሰዓት ለአንድ ደቂቃ ምቱን ስንቆጥር 270 አካባቢ ሆኖ አገኘነው፤ በማሽኑ ስም ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ግን 300 ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን አንጋፋውን ሠራተኛ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ማሽን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሄደው?»

«አይደለም ልጄ። ሲተከል የሞተሩ ፑሌጃ ከዚህ ይሰፋ ነበር። ኋላ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚስማሩን ራስ ሲያጣምምብን ለጊዜው ብለን በጠበበ ቀየርነው፤ ያው እንደዚያው ቀረ።»

«ለጊዜው» የተባለው ነገር ስንት ዓመት እንደቆየ እሳቸውም በትክክል አላስታወሱትም። ፑሌጃው፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በቀበቶ የሚያስተላልፈው መዘውር፣ ሲጠብ ማሽኑ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መንቀጥቀጡም ቀነሰ፤ ችግሩ የተፈታ መሰለ፤ ፋብሪካው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየአሥሩ ሚስማር አንዱን ሲያጣ ኖረ። በኪሎ ሪፖርቱ ላይ ይህ ፈጽሞ አይታይም፣ ምክንያቱም ዛሬም ትናንትም እኩል ቀርፋፋ የሆነ ማሽን ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ደህና ይመስላል።

መጀመሪያ የጠየቅነው ማሽኑ ለምን ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነው። ሲፈታ የዋናው ዘንግ ቦኮላ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቶ ክፍተት ፈጥሮ ተገኘ። ቦኮላው ያለ ጊዜው የተበላው ዘይት ስላልደረሰው ነው። ሠራተኞቹ ግን በየጠዋቱ ዘይት እንደሚያደርጉ እርግጠኞች ነበሩ፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው፤ ዘይቱ ይፈስሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። የዘይት ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ስንቆፍረው ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ የጠጠረ ሰጋቱራ ወጣ። የሚስማር ሥራን ለማያውቅ አንባቢ ሰጋቱራ እዚህ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ከማሽኑ የወጣው ሚስማር ዘይቱና ስንጥሩ እንዲጸዳ ከሰጋቱራ ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገባል። ከበርሜሎቻችን አንዱ የተተከለው ከቁጥር 4 ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። በርሜሉ በተከፈተ ቁጥር የሚነሣው ብናኝ በቀጥታ ሄዶ የሚያርፈው ክፍት በሆኑት የዘይት ቀዳዳዎች ላይ ነው።

መፍትሔው ከችግሩ ያነሰ ገንዘብ የጠየቀ ነበር። አዲስ ቦኮላ እዚሁ በቶርኖ አስወጣን፤ ለዘይት ቀዳዳዎቹ ክዳን ሠራን፤ በበርሜሉና በማሽኖቹ መካከል በቆርቆሮ ከለልን፤ ከዚያም ሰፊውን ፑሌጃ ከነቺንጋው (ከነቀበቶው) መልሰን ገጠምን። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሲመታ የጋሼ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። በቲ.ፒ.ኤም. ትምህርት ማጽዳት፣ ዘይት ማድረግና ብሎን ማጥበቅ የማንኛውም ማሻሻያ መሠረት ናቸው ይባላል፤ ማጽዳትም ራሱ መመርመር ነው ይባላል። ይህን ለብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን የጠጠረ ሰጋቱራ በመዳፌ ስይዘው ነው።

የመቁረጫ መቀየሪያውን ጊዜ ያሳጠርነው ሺጌዎ ሺንጎ በተባሉት ጃፓናዊ መሐንዲስ መንገድ ነው። ሺንጎ የሚያስተምሩት ማሽኑ ቆሞ ብቻ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ፣ ማሽኑ እየሠራም ሊከናወን ከሚችለው ሥራ እንድንለይ ነው። እኛ መቁረጫ የምንስለው ማሽኑን አቁመን ነበር፤ ቁልፍ የምንፈልገውም ማሽኑን አቁመን ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ማሽን የተሳለ ሁለተኛ ጥንድ መቁረጫ ከነቁልፉ አጠገቡ በተንጠለጠለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚስለውም ሰው የሚስለው ማሽኑ እየሠራ ነው። ጊዜው ከግማሽ በታች ወርዷል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ማንኛውም ፋብሪካ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

የጥራቱ መለኪያ ግን ከሁሉ ይልቅ አስቸግሮናል። የተበላሸው ሚስማርና ሹሉ ሲቀረጽ በሁለቱም ጎን ተቆርጦ የሚወድቀው ስንጥር ከአንድ ሣጥን ውስጥ ይገባ ስለነበር፣ ሣጥኑ ሲመዘን ስንቱ ጥፋት፣ ስንቱ ደግሞ የሥራው ጠባይ ያመጣው ቁርጥራጭ እንደሆነ አይለይም ነበር። ስንጥሩ ማሽኑ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም የማይቀር ነው፤ እሱን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሠራተኛን መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ሁለት ሣጥን በማድረግ ለየናቸው። ያን ጊዜ የተበላሸው ሚስማር አብዛኛው የሚወጣው መቁረጫ ከተቀየረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች መሆኑን አወቅን፤ ሁለቱ መቁረጫዎች በመካከል እስኪገናኙ ድረስ ብሎናቸው በግምት እየጠበቀና እየላላ ሲስተካከል የሚባክን ነው። በማስተካከያው ብሎን ላይ ምልክት ማድረጋችን ረድቶናል፤ ገና ግን ብዙ ይቀረዋል።

በቲ.ፒ.ኤም. መማሪያዎች ላይ 85 በመቶ የሚል ግብ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ይህ ቁጥር የመጣው 90 በመቶ ዝግጁነት፣ 95 በመቶ ፍጥነትና 99 በመቶ ጥራት ሲባዙ 84.6 በመቶ ስለሚሰጡ ነው። እኔ ይህን ቁጥር በሰሌዳችን ላይ አልጻፍኩትም። መብራቱ በሚቆራረጥበት፣ ሽቦው ከውጭ በሚመጣበትና መምጫው በማይታወቅበት ሁኔታ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ራሱን በሌላ አገር ካለ ፋብሪካ ጋር ቢያስተያይ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ቁጥሩ እንዲደርስለት ሲል ከማካፈያው ላይ ሰዓት መቀነስ ይጀምራል። የሚጠቅመን እያንዳንዱን ማሽን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ማስተያየት ነው። የስድስቱንም ማሽኖች ውጤት ደምሮ ለስድስት ማካፈልም ጥሩ አይደለም፤ አማካዩ የሚደብቀው በትክክል ልናየው የሚገባንን ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የቁጥር 4 ፍጥነት ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማሽኑ ቁጥር በደስታ ወደ ላይ ወጣ፤ ከመጋዘን ወደ ገበያ የሚወጣው ሚስማር ግን የጨመረው በጥቂቱ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ወለሉን ማየት ብቻ በቂ ነበር፤ ያልጸዳ ሚስማር በበርሜሎቹ ፊት ተከምሯል። ያሉን በርሜሎች ሁለት ናቸው፤ ሲሞሉና ሲራገፉ የሚባክነውን ጊዜ ደግሞ ማንም ለክቶት አያውቅም ነበር፤ ሁላችንም በርሜልን እንደ ማሽን አልቆጠርነውም። ከዚያ በኋላ መዝገብ ወደ በርሜሎቹ ሄደ፤ ማራገፊያ ተሽከርካሪ ሳጥን ከተሠራላቸው ወዲህ ነው ክምሩ የቀነሰው። በዚህ ምክንያት አሁን የምመክረው ሁሉንም ማሽን በአንድ ጊዜ መለካት ከመጀመር ይልቅ ሥራው የሚጠራቀምበትን ቦታ ፈልጎ ከዚያ መነሣት ነው። ገበያው በማይፈልግበት ጊዜም ቁጥሩ ከፍ እንዲል ብቻ ማሽን ማስሮጥ ሽቦንና ገንዘብን በመጋዘን ማሰር ነው። ክረምት ላይ ግንባታ ሲቀዘቅዝ የሚስማር ፍላጎትም ይቀንሳል፤ እኛም ማሽኖቹን ፈትተን የምናድሰው በዚያ ወቅት ነው፤ ይህ ጊዜ ከታቀደው ጊዜ ላይ በግልጽ ይቀነሳል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት መሆኑን መናገር እወዳለሁ። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የተገጠመ የምት ቆጣሪ፣ ሁሉም ሠራተኛ የሚያየው የግድግዳ ሰዓት፣ መስመር የተሰመረበት ደብተር፣ ሁለት ሣጥንና ቀድሞም የነበረን ሚዛን ብቻ ነው የተጠቀምነው። በደብተሩ ላይ ያሉት ዓምዶች አራት ናቸው፤ የቆመበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ ምክንያቱና የቆጣሪው ንባብ። ምክንያቶቹን መጀመሪያ ሃያ ያህል አድርጌ ነበር፤ ሠራተኛው ለመምረጥ ሲቸገር አይቼ ወደ ሰባት አወረድኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ «ሌላ» የሚለው ምክንያት በጣም ቀንሷል። ኮምፒውተር የገባው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ እሱም ለመደመር ብቻ ነው።

አሁን ያላወቅነው የማሽን ቁጥር 3ን ጥቃቅን መቆሞች ምክንያት ነው። ሽቦው በማቃኛ ሮለሮቹ ላይ ይይዛል፤ ሠራተኛው በእጁ ገፋ ያደርገዋል፤ ማሽኑ ይነሣል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ስለማይሞላ በደብተሩ ላይ አይሰፍርም። ጋሼ ችግሩ ከጥቅልሉ ጫፍ ነው ይላሉ፤ ወጣቷ ባልደረባችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደሚብስ ተናግራ ሮለሮቹ ሲሞቁ ይሆናል ብላለች። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ከማሽኑ አጠገብ ጠመኔ የያዘ አንድ ሰው ይቆማል፤ መቆም ባጋጠመ ቁጥር ወለሉ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከምሳ በፊት ያለው በአንድ በኩል፣ ከምሳ በኋላ ያለው በሌላ በኩል።